በግራ የኋላ እግሯ የምትንበረከክ መኪና

የአጎቴ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ተንበርክካ የተገኘችው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ቀኑ የማይረሳኝ ማክሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእኔ ስለነበረና ስላረፈድኩ ነው። ቆቦ በመምህርነት ከተመደብኩ ጀምሮ የምኖረው በእናቴ ታናሽ ወንድም ግቢ፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ መንገዱ ሲሆንለትም ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያወርደኛል። ያን ዕለት ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ መኪናዋን ሲዞራት ደረስኩ። የግራ የኋላ ጥጓ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። ከአፋር የሚመጡት ግመሎች ጭነት ሊራገፍላቸው ሲንበረከኩ ገና ግማሽ መንገድ ላይ እንዳሉ፣ እንደዚያ ሆናለች።

"ጎማው ተንፍሶ ነው" አልኩት።

"ጎማው ሙሉ ነው። ምቺው።"

በእግሬ መታሁት። እውነትም ሙሉ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ መኪናዋ ትንሽ ማስረዳት አለብኝ። ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ማስረዳት እንደምወድ ተማሪዎቼም ያውቁብኛል። እኛ አካባቢ የምናያቸው መኪኖች አካላቸውን የሚሸከምላቸው ብረት ነው። የጭነቶቹ ባሌስትራ ነው፣ እንደ ደብተር ገጽ የተደራረበ ጠፍጣፋ ብረት፤ የትንንሾቹ ደግሞ ሞላ ነው፣ የተጠማዘዘ ብረት። የአጎቴ መኪና ግን በአራቱም ጥግ በብረት ፈንታ ወፍራም የላስቲክ ከረጢት አላት። ከረጢቱ የሚሞላው በአየር ነው። ከሆዷ ሥር ያለች ኮምፕሬሰር አየር ትጨምቃለች፣ በቀጫጭን ቱቦዎች ወደ አራቱ ከረጢቶች ትልካለች። ሹፌሩ አንድ ማዞሪያ ሲነካ መኪናዋ ግማሽ ስንዝር ያህል ከፍ ብላ ትቆማለች። አጎቴ የገዛትም ለዚሁ ነው። በክረምት ጎርፍ አሸዋና ድንጋይ አምጥቶ የሚተውባቸውን የራያ ወንዞች ሌላው መኪና ሆዱን እየፈተገ ሲሻገር የእሱ ከፍ ብላ ታልፋለች። ሙሽራም፣ የመስክ ሠራተኛም፣ ከገጠር ወደ ሐኪም ቤት የሚመጣ በሽተኛም ይጭንባታል። ኑሮው እሷ ናት።

ሞተሩን ሲያስነሳ ኮምፕሬሰሯ ረጅም ጊዜ አጉረመረመች፤ የወረደው ጥግ ቀስ እያለ ተነሳ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ብርቱካናማ መብራት በርቶ ጠፋ። ረቡዕም እንደዚያው፣ ሐሙስም እንደዚያው። በሳምንቱ መጨረሻ መብራቱ በርቶ መቅረት ሲጀምር አጎቴ ተሳፋሪ እንዳያየው ጥቁር ፕላስተር ለጠፈበት።

የግቢያችንን የመንገድ ዳር ክፍል የተከራየው ጎሚስታ ነው። ከአጎቴ ጋር በወጣትነታቸው የተዋወቁ፣ አንዱ በፋሲካ አንዱ በኢድ እየተጠራሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ጎሚስታው ረጅም ነው፣ ሥራውን ብቻውን ይሠራል፣ ሲቀልድ ፊቱ አይስቅም። መኪናዋ በመጣች ሰሞን ሥሯ ጎንበስ ብሎ አይቶ ሲነሳ፣

"ወዳጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አየር ሸጬ ነው የኖርኩት" አለው። "ስለዚህ አየር አላምንም። ይህን አውጥተን ሞላ እናስገባላት።"

"አንተ ጎማህን ንፋ" አለው አጎቴ። "መኪናውን ለሚያውቅ ተው።"

"እሺ። ቁጭ ስትልብህ ግን እንዳትጠራኝ።"

ያን ጊዜ ሁላችንም ስቀን ነበር። አሁን ግን አጎቴ ንግግሩን ከተቀበረበት አውጥቶ ያገላብጠው ጀመር። "ቁጭ ስትልብህ አለኝ" ይለኛል ራት ላይ። "ቁጭ እንደምትል ምን አሳወቀው? እኔ ባለቤቱ ያላወቅኩትን?"

በሁለተኛው ሳምንት ነገሩ መልኩን ቀየረ። መኪናዋ በአንድ ጥግ መንበርከኳን ትታ በአራቱም ዝቅ ብላ ማደር ጀመረች። አንድ ጠዋት ለመስክ ሥራ የተከራዩዋት ሰዎች መጥተው በር ላይ ቆመው ሳለ፣ ጎሚስታው አንድ ጎማ እያንከባለለ ሲያልፍ አየት አድርጓት፣ "ዛሬስ ሶፋ ናት ወይስ ምንጣፍ?" አለ። ሰዎቹ ሳቁ። ስቀው ግን ተያዩ፤ ከመካከላቸው አንዱ ስልኩን አወጣና ሌላ መኪና ጠራ።

አጎቴ ሰዎቹ እስኪሄዱ ጠብቆ ወደ ጎሚስታው ቤት ሄደ። ድምፁን አላነሳም። "ከዛሬ ጀምሮ ስለ መኪናዬ አፍህን እንዳትከፍት። እጅህም እንዳይደርስባት።"

ጎሚስታው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "እሺ። አልናገርም። አልነካም።"

ከዚያ በኋላ እኔ ደብተር ያዝኩ። ልማዴ ነው፤ ነገር ሲምታታብኝ መስመር አሰምራለሁ። በስልኬ ስለ እንዲህ ያሉ መኪኖች ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩና ለራሴ ጻፍኩ፦ አንድ ጥግ ብቻ ከወረደ ጥፋቱ በዚያ ጥግ ከረጢት ወይም ቱቦ ነው፤ አራቱም ከወረዱ ጥፋቱ አየሩን የሚያከፋፍለው ሳጥን ወይም ኮምፕሬሰሯ ናት፤ እየተነዳች የምትወርድ ከሆነ ቁመቷን የሚለካው መቆጣጠሪያ ነው። ከዚያ በየማታውና በየጠዋቱ ከጎማው መሐል እስከ ጭቃ መከላከያው ጠርዝ ድረስ በሜትር መለካት ጀመርኩ። ውጤቱ ከጻፍኩት ጋር አልገጥም አለኝ። የመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጥግ፣ ሁለተኛው ሳምንት አራት። ሰንጠረዡን ደጋግሜ አየሁትና በጣም ብልህ የመሰለኝን ነገር አሰብኩ፦ ብልሽት ቦታውን አይቀያይርም፣ የሚቀያይር ሰው ነው።

ይህን ማሰብ ያን ያህል እንዳልከበደኝ መናገር አለብኝ። ከተማችን ባለፉት ዓመታት ብዙ አይታለች። በሩ ሲንኳኳ ማነው ሳይል የሚከፍት ጥቂት ነው። ሰው የጎደለበትን ነገር ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያየው ዕቃው የነበረበትን ቦታ ሳይሆን በቅርብ ያለውን ሰው ፊት ነው። እኔም እንደ ሰዉ ነበርኩ።

ሐሙስ ዕለት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ክፍሌ በር ላይ ወንበር አውጥቼ ፈተና አርም ነበር። አጎቴ መኪናዋን አቁሞ ከገባ አንድ ሰዓት ያህል ሆኖታል። ፍስስ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ረዘም ያለ፣ ሰው በጥርሱ መካከል አየር ሲያስወጣ ያለውን የሚመስል። ቀና ስል ጎሚስታው በመኪናዋ የግራ የኋላ ጎማ አጠገብ ቁጢጥ ብሏል። የግቢው ቧንቧ እዚያው ነው፤ ማንቆርቆሪያው ከጎኑ መሬት ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እጁ ግን በጎማውና በመኪናዋ አካል መካከል እስከ ክንዱ ገብቷል። እጁን አወጣ፣ መዳፉን አየ፣ ወደ አጎቴ በር ተመለከተ፣ ማንቆርቆሪያውን አንስቶ ወጣ። ሰዓቱንና ያየሁትን ወዲያው ጻፍኩ። በማግስቱ ጠዋት መኪናዋ በአራቱም ጥግ መሬት ላይ ነበረች።

ለአጎቴ ነገርኩት። እጁን ከትቶ እንዳየሁት፣ አየሩ ሲወጣ እንደሰማሁ፣ ወደ በሩ እንደተገላመጠ። ያየሁትን ብቻ ነው የምናገረው እያልኩ ነበር የምናገረው። መጨረሻ ላይ ግን "ስለዚህ" አልኩ። ያቺን ቃል እንድጨምር ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

አጎቴ አልተቆጣም። ይልቅ ደክሞት የነበረ ሰው ወንበር እንዳገኘ ሆነ። "እኔም ብዬ ነበር" አለ።

የዚያኑ ዕለት ሦስት ሽማግሌዎች ዘንድ ሄደ። አውጫጭኝ እንዲቀመጡለት ለመነ። አውጫጭኝ በገጠር ከብት ሲጠፋ ወይም ክምር ሲቃጠል የሚደረግ የቆየ ልማድ ነው። የአካባቢው ሰው በሙሉ ተሰብስቦ እያንዳንዱ ያየውን፣ የሰማውን፣ የጠረጠረውን ይናገራል። አስቀድሞ ግን ሽማግሌዎቹ ስሙ ከማይነገር ሰው በስውር ቃል ይቀበላሉ። ያ ሰው "ወፍ" ይባላል። ሽማግሌው "ወፍ እንዲህ አለን" ሲል ወፉ ማን ነው ተብሎ አይጠየቅም፤ ጎረቤት ከጎረቤት ደም እንዳይቃባ የተበጀ ብልሃት ነው። እኔም ያየሁትን አርብ ማታ ለሦስቱ ሽማግሌዎች በስውር ነገርኳቸው።

"ለመኪና አውጫጭኝ?" አለችው ሚስቱ። "በሬ ናት እንዴ?"

"ከበሬ ምን አነሰች? የምታርስልኝ እሷ አይደለችም?"

የሚሆነው ለሁላችንም ግልጽ ነበር። ጎሚስታው ጥፋተኛ ከተባለ ክፍሉን ይለቃል። ክፍል ሌላም ቦታ ይገኛል። ነገር ግን በሰው መኪና ላይ አየር የሚያፈስ ጎሚስታ ተብሎ ስሙ ከወጣ፣ ከሮቢት እስከ ዋጃ ባለው መንገድ ላይ ጎማውን አምኖ የሚሰጠው ሹፌር አይኖርም። ሌላ ሙያ የለውም።

አጎቴ በሩ ላይ ቆሞ፣ "እሁድ ሰው ይቀመጣል፤ ተገኝ" አለው።

"በምን ጉዳይ?"

"በመኪናዋ።"

"ስለ መኪናዋ እንዳልናገር ተብያለሁ እኮ" አለ ጎሚስታው፤ ፊቱ እንደ ልማዱ አልሳቀም። ከጁምዓ በኋላ ክፍሉን ቆልፎ አክስቱ ሞታ ስለነበር ለለቅሶ ወደ ዋጃ ሄደ። እሁድ ጠዋት እመለሳለሁ ብሏል።

"ሸሸ" አለ አጎቴ።

እኔ ግን የጎሚስታውን መሄድ እንደ ጥሩ አጋጣሚ ነበር ያየሁት። ተማሪዎቼን አንድ ነገር መንስኤ መሆኑን ለማወቅ አንሱትና እዩ እላቸዋለሁ። ሰውየው ከሌለ መኪናዋ ቆማ ታድራለች፤ የእኔም ቃል ይጸናል። ቅዳሜ ከሰዓት አጎቴ እንደ ልማዱ በአስራ አንድ ሰዓት ሲገባ የውጭውን በር ራሴ ሸጎርኩት። ወንበሬን መኪናዋ ፊት ለፊት አድርጌ ሜትሬንና ደብተሬን ይዤ ተቀመጥኩ። ሌሎቹ ተከራዮች ገና ከሥራ ስላልተመለሱ በግቢው የነበርነው እኔ፣ አጎቴና ሚስቱ ብቻ ነን፤ ሁለቱም ቤት ውስጥ ናቸው።

በየሩብ ሰዓቱ ለካሁ። ሦስቱ ጥጎች ባሉበት ናቸው። የግራ የኋላው ማንም ሳይነካው ወረደ፤ መጀመሪያ አንድ ጣት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አራት። አስራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከመኪናዋ ሆድ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ፤ ወዲያው ያ ሐሙስ የሰማሁት ረጅም ፍስስታ። የቀኝ የኋላው ወረደ። ከዚያ የፊቶቹ ሁለቱ፣ ተራ በተራ፣ አራቱም እኩል እስኪሆኑ። ከዚያ ዝም አለች። ሜትሩን እጄ ላይ እንደያዝኩ ከወንበሬ ተነሳሁ። የፈራሁት መኪናዋን ሳይሆን የተናገርኩትን ነበር።

በዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ፣ አሁን ትልቅ ከተማ ውስጥ ጋራዥ የሚሠራ ልጅ አለ። ደወልኩለት።

"ግቢው ውስጥ ማንም የለም" አልኩት። "ግን አየሯን ለቀቀች።"

"አዎ፣ ትለቃለች።"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ቁልፉን ስታወጡ የተኛች መስሏችሁ ነው? ቆይታ ትነቃለች። አራቱን እግሯን ትለካለች። አንዱ ወርዶ ካገኘችው ሌሎቹን እሱ ጋ ታወርዳቸዋለች። አዘንብላ ማደር አትወድም።"

"በመጀመሪያው ሳምንት እኮ አንዱ ጥግ ብቻ ነበር።"

"ያኔ ቀዳዳው ትንሽ ነው። እሷ ስትለካ ገና አልወረደም፤ የሚወርደው ከተኛች በኋላ ነው። አሁን ሰፍቷል፤ ሳትተኛ ይደርስባታል። አንድ በሽታ ነው፣ ሁለት አይደለም።"

"ይህን ሁሉ ቀን ስለካ..."

"ደውለሽልኝ ታውቂያለሽ? ከተመረቅን ዛሬ ነው ድምፅሽን የሰማሁት። ይልቅ ሳሙና በውሃ በጥብጪና የግራውን የኋላ ከረጢት አርጥቢው። የታጠፈበትን በደንብ።"

አጎቴን ጠራሁት። ሞተሩን አስነስቶ ከፍ አደረጋት፤ እኔ በሳሙና ውሃ የተነከረ ጨርቅ ይዤ ሥሯ ገባሁ። ከረጢቱ ከታች ወደ ውስጥ በሚታጠፍበት ቦታ ትንንሽ ነጭ አረፋ ተሰልፎ ይወጣ ጀመር፤ ይፈነዳል፣ ደግሞ ይወጣል። አጎቴ በስልኩ መብራት ጎንበስ ብሎ አየው። ሁሉንም አስረዳሁት፤ መንቃቷን፣ መለካቷን፣ ድምፁን።

"ማን በሳው?" አለ።

"አልተበሳም አጎቴ። ተሰነጣጥቆ ነው።"

"አንቺ ያሳየሽኝ ቀዳዳ ነው። እኔ የምጠይቅሽ ማን እንዳደረገው ነው። መብሻ ያለው ማን ነው በዚህ ግቢ?"

"መርፌማ እኔም አለኝ" አለች ሚስቱ ከበሩ።

"አንቺ መኪና ሥር አትገቢም።"

"ልጅቱ ገብታለች።"

አጎቴ ዞሮ አየኝ። ለአፍታ ብቻ ነው። ክንዴ እስከ ክርኔ አረፋ ነው፤ ከመኪናው ሥር ገና መውጣቴ ነው። ዓይኑ ላይ ያየሁትን ነገር አውቀዋለሁ፤ እኔ ሐሙስ ዕለት ከወንበሬ ላይ ሆኜ ጎሚስታውን ያየሁበት ዓይን ነው። ከዚያ ዓይኑን አነሳ። "ነገ ሽማግሌዎቹ ይዩት" አለና ገባ።

እሁድ ረፋድ ላይ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በግቢው ኒም ዛፍ ሥር አስራ አንድ ሰው ተቀመጠ፤ የግቢው ተከራዮች፣ የአጥር ጎረቤቶች፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች። ጎሚስታው ከዋጃ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥቶ ከክፍሉ አንድ ያረጀ ጎማ አንከባልሎ አውጥቶ እሱ ላይ ተቀመጠ። ትልቁን ሽማግሌ ክርስቲያኑም እስላሙም አባባ ነው የሚላቸው። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ጀመሩ።

"ያየ ይናገር። የሰማ ይናገር። የጠረጠረ ይናገር።"

አንድ በአንድ "አላየሁም፣ አልሰማሁም" ተባለ። እኔ ጋ ሲደርስ ደብተሬን ከፍቼ ስለ ከረጢቱ ልጀምር ስል አባባ እጃቸውን አነሱ።

"መኪናዋን ኋላ እናያለን ልጄ። መጀመሪያ የሰው ነገር ይቅደም። ወፍ አንድ ነገር ብሎናል።" ወደ ጎሚስታው ዞሩ። "ሐሙስ ምሽት እጅህን የመኪናዋ ጎማ ውስጥ ከትተህ ታይተሃል። አየሩም ሲወጣ ተሰምቷል።"

የጎሚስታው ዓይን አስራ አንዳችንን ዞረን፤ እያንዳንዳችን ላይ ትንሽ ቆየ። ማንንም ሰው እንዲያ ሲያይ አይቼው አላውቅም ነበር።

"ወፉ ማን ነው?" አለ።

"ወፍ አይጠየቅም።"

"እሺ። ወፉ አይቶ ያልነገራችሁ ሌላ ነገር ቢኖርስ፣ ማን ይነግራችኋል?"

"ወፍ የተናገረውን ማንሳት የሚችል ወፉ ራሱ ነው" አሉ አባባ። "እሱ ደግሞ ፊቱን አያሳይም። ልማዱ ይኸው ነው።"

አጎቴ መሬት መሬት ያይ ነበር። ዝም ብል ምን እንደሚመጣ አሰብኩ። ከረጢቱን አሳያለሁ፣ አጎቴ መብሻ ይላል፣ ወፉም እጁን አይቷል፤ ቀዳዳው እኔ ካመጣሁት ቃል ጋር ተጋጥሞ ሰውየውን ይጨርሰዋል።

"ወፉ እኔ ነኝ" አልኩ።

የአጎቴ ሚስት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ብሎ አጉተመተመ። አባባ ብቻ አልተደነቁም።

"ፊቱን ያሳየ ወፍ ምስክር ነው" አሉ። "ምስክር ይጠየቃል። ተነሺ። እጁን አየሽ?"

"አየሁ።"

"ሲከፍት ወይም ሲበሳ አየሽ?"

"አላየሁም።"

"ድምፁን የሰማሽው እጁን ከማየትሽ በፊት ነው በኋላ?"

አፌን ሞልቼ "በኋላ" ልል ነበር። ለአጎቴም የነገርኩት በዚያ ቅደም ተከተል ነው፤ እጁ፣ ከዚያ ድምፁ። ግን ደብተሩ ተከፍቶ እጄ ላይ ነበርና ዓይኔ ወረደ። የራሴ ጽሕፈት ነው። "ድምፅ ሰማሁ። ቀና አልኩ። እጁ ውስጥ ነበር።" በትክክል ጽፌዋለሁ፤ ስናገር ነው የገለበጥኩት። መቼ እንደገለበጥኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

"በፊት" አልኩ። "ድምፁ በፊት ነው።"

አባባ ወደ ጎሚስታው ዞሩ። "እንግዲህ አንተ ተናገር።"

"ለሶላት ውዱእ እያደረግኩ ነበር" አለ። "ፍስ ሲል ሰማሁ። ሙያዬ ነው፤ አየር ሲወጣ ሰምቼ ማለፍ አልችልም። እጄ እርጥብ ነበር። እርጥብ እጅ ትንሿንም አየር ያውቃታል፣ ይቀዘቅዘዋል። ከተትኩት። ከታች እጥፋቱ ላይ ቀዘቀዘኝ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከውም?"

"እንዳልናገር ተብያለሁ። እንዳልነካም ተብያለሁ። ብነግረው ሁለቱንም ማፍረሴ ነው።"

አንዱ ተከራይ ሳቀና ሳቁን በሳል ሸፈነው።

"ይህ እጥፋት ይታይ" አሉ አባባ። "አንተ አሳየን።"

"ይቅርታ አባባ፣ እኔ አልነካትም" አለ ጎሚስታው ከጎማው ሳይነሳ። "ቲቸር ትንካት። እኔ ከዚህ ሆኜ እነግራታለሁ።"

እንዲያ ሆነ። እሱ ስድስት እርምጃ ርቆ ተቀምጦ ያዝዘኛል፣ እኔ የእሁድ ቀሚሴን ሰብስቤ እሠራለሁ። "ክሪኩን ከከረጢቱ ሥር ሳይሆን ከብረቱ ሥር። እንዳትንከባለል ሌላው ጎማ ሥር ታኮ አድርጊ። ብሎኑን መሬት ላይ እያለች ላላ አድርጊው፣ ከተነሳች በኋላ አይደለም። ቲቸር፣ ወደ ግራ ነው የሚፈታው፤ ይህንንስ አታስተምሩም?" ጎማው ሲወጣ ከረጢቱ ተገለጠ። "አሁን ውሃ አፍሺበት። እጥፋቱን በጣትሽ ክፈቺው።"

ከፈትኩት። ውሃው ይዞት የወረደው አሸዋ ነው፣ ደቃቅ፣ ግራጫ፣ የወንዝ አሸዋ፤ ሁለት እፍኝ ይሞላል። ከአሸዋው ሥር ላስቲኩ ዙሪያውን እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። አንድ ቀዳዳ ብትፈልጉ የለም፤ መቶ ስንጥቅ ነው። አባባ በሰው ተደግፈው መጡና በጣታቸው ዳሰሱት።

"ይህን መብሻ አይሠራውም" አሉ።

"መኪናዋን ከፍ ሲያደርጋት እጥፋቱ ይከፈታል" አለ ጎሚስታው፤ ለአጎቴ ሳይሆን ለእኔ ነበር የሚናገረው። "ወንዝ ውስጥ አሸዋ ይጎርሳል። ዝቅ ሲያደርጋት ይዘጋል፣ ያኝከዋል። ከተሻገረ በኋላ በውሃ ማጠብ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።"

አጎቴ እዚያው ቆሞ ስንጥቁን ሲያይ ቆየ። ያቺን መኪና ወንዝ ላይ ከፍ አድርጎ ሲያሻግራት የሚኮራበትን ነገር አውቃለሁ፤ ከዚያ በላይ የሚወደው ነገር አልነበረውም። ከዚያ ወደ ጎሚስታው ሄዶ ፊቱ ቆመ።

"አውፍ በለኝ" አለው።

"ለአላህ ብዬ አውፍ ብያለሁ።"

ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ ሲነሱ ጎሚስታው ግን አልተነሳም። "አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለው አጎቴን። "ነገ ቁልፍህ ቢጠፋ መጀመሪያ ወዴት ታያለህ?"

አጎቴ ወዳጁን ተመለከተ፣ የተቀመጠበትን ጎማ ተመለከተ።

"አላውቅም" አለ በመጨረሻ።

ጎሚስታው ራሱን ነቀነቀ። "ወደ አንተ አላይም ብለህ ብትዋሸኝ ዕቃዬን ዛሬ እጭን ነበር። ክፍሉን አልለቅም።"

ሰዉ ሲበተን እኔ ብሎን እያጠበቅሁ ነበር። ከጀርባዬ መጥቶ ቆመ።

"አንቺስ ቲቸር?"

ዞርኩ። ከየት እንደምጀምር አስቤ፣ ስለ ደብተሩ፣ ስለ ቅደም ተከተሉ፣ ለአጎቴ ስነግረው ምን እንደተሰማኝ ማብራራት ጀመርኩ። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አቋረጠኝ።

"አጭሩን።"

"ወደ አንተ አያለሁ" አልኩት።

"እሺ። ስታዪኝ ግን መጥተሽ ፊቴ ቁመሽ እይኝ። ከወንበርሽ ላይ ሆነሽ አይደለም።"

ከውጭ አንድ ባለ ባጃጅ ጎማው ተንፍሶበት ጡሩንባ ይነፋ ነበር። ሄዶ የኮምፕሬሰሩን ገመድ ሰካ።